የፊት ጎማዋ የሚጎትታት ባጊ፦ ችግሩ ከፊት፣ መፍትሔው ከኋላ

በእጅ የተሠራች የሪሞት ባጊ (ለአቧራና ለጠጠር የምትሠራ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና)፣ የፊት ጎማዋ ብቻ የሚጎትታት ከሆነ፣ ሁለት አመል ታሳያለች። ዳገት ላይ የፊት ጎማዋ በባዶ ይሽከረከራል። ኩርባ ላይ ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ዞሮ እያለ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሠሪው ቶሎ የሚነካው የፊቱን ሞላ ነው። ያጠነክረዋል፣ አልሆን ሲለው ያላላዋል፣ ከዚያ ጎማ ይቀይራል። ደሴም ኮምቦልቻም የማውቃቸው ልጆች በዚህ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ። እጃቸው የተባረከ ስለሆነ ይቆጨኛል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ የፊት ጎማው መሬት የመያዝ አቅም በአብዛኛው የሚወሰነው ክብደቱ በተቀመጠበት ቦታና በኋላው ሞላ ነው። የፊቱ ሞላ ድርሻ ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም ያንሳል።

ለመሆኑ ለምን የፊት ጎማ? ተሠርተው የሚሸጡ ባጊዎች እኮ በአብዛኛው ወይ በኋላ ጎማ ወይ በ4ቱም የሚነዱ ናቸው። የጃፓኑ የሪሞት መኪና አምራች ታሚያ ኤፍኤፍ-01 እና ኤም-03 የሚባሉ በፊት ጎማ የሚነዱ ሻሲዎች አውጥቷል፤ ግን ለአስፋልት እንጂ ለአቧራና ለጠጠር አይደሉም። መልሱ ኪስ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሙሉ ኪት ከውጭ ማስመጣት ለተማሪ የሚታሰብ አይደለም። በ4ቱም የሚነዳ መሥራት ሁለት ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል ማርሽ) እና በመሐል የሚያገናኝ ዘንግ ይፈልጋል። የፊት ጎማ ከሆነ ግን ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ዲፈረንሻሉና መሪው አንድ ሳጥን ላይ ይሰበሰባሉ። ኋላው ጎማውን ከአካሏ የሚያያይዙ ሁለት ክንዶች፣ ሁለት አጭር ዘንግና 4 ኩሽኔት ብቻ ነው። ከቁራሌው የተገዛ የተበላሸ ድሪል ሞተርና ማርሽ ይሰጣል፣ አሮጌ ፕሪንተር ደግሞ ለስላሳ የብረት ዘንጎች። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው አማራጭ አጥቶ ነው። ዳሩ ግን ሞላውን ከኋላ ጎማ ባጊ ላይ እንዳለ ይገለብጠዋል። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ሒሳቡን አንድ መኪና ይዘን እንሥራው። ክብደቷ 2 ኪሎ ነው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 290 ሚሊ ሜትር፣ የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት 240 ሚሊ ሜትር። የክብደት ማዕከሏ ከመሬት 55 ሚሊ ከፍ ይላል። ከክብደቱ 62 በመቶው የፊት ጎማ ላይ ነው፣ ማለትም 1,240 ግራም። ልል ጠጠር ላይ ጎማ የሚያገኘው ግፊት ከተሸከመው ክብደት ግማሽ ያህል ነው ብለን እንያዝ።

መኪናዋ ስትፈናጠር ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል። ምን ያህል? ክብደቷን በፍጥነት ጭማሪዋ አባዙ፣ በማዕከሉ ከፍታ አባዙ፣ ለጎማዎቹ ርቀት አካፍሉ። በቃ ይኸው ነው። የሞላ ጥንካሬ ስሌቱ ውስጥ የለም! ሞላው ጠነከረ ላላ፣ የሚሸሸው ክብደት ያው ነው። ሞላው የሚወስነው አካሏ ምን ያህል እንደሚያጋድልና በምን ፍጥነት እንደሚያጋድል ነው። ኮምቦልቻ ጋሪ የሚነዳ ሰው ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል፦ ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ የጋሪው ክንድ ፈረሱን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ፈረሱም የሚረግጥበት ያጣል።

በዚህ ስሌት የኛ መኪና ልል ጠጠር ላይ መውጣት የምትችለው ዳገት እስከ 28 በመቶ ነው። ተመሳሳይ መኪና 62 በመቶው ከኋላ ሆኖ በኋላ ጎማ ብትነዳ 34 በመቶ ትወጣለች፣ ምክንያቱም ለእሷ የሚሸሸው ክብደት የሚያርፈው የሚነዳት ጎማ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰፈር ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ትልቁ መኪና ላይም ያው ነው። ቪትዝ በፊት ጎማ ነው የምትነዳው። ከኮምቦልቻ ተነስታ ሐረጎን ስትወጣ ሦስት ሰው ከኋላ፣ ሻንጣው ደግሞ በዕቃ ተሞልቶ፣ አስፋልቱ ዝናብ ከነካው ኩርባ ላይ የፊት ጎማዋ ሲንሸራተት ትሰማላችሁ። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ ከመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ እንደ ቢዋይዲ ሲገል ያሉት በፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። እና ነገሩ የአሻንጉሊት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ልጅ በ2 ኪሎ መኪና የተረዳውን ነገ ትልቁ ላይ ያገኘዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሁለት መንገድ አለ። የክብደት ማዕከሉን ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ክብደቱን ወደ ፊት መግፋት። ብዙ ሰው የሚለፋው በመጀመሪያው ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ማዕከሉን በ10 ሚሊ ዝቅ ብታደርጉ 28ቱ ወደ 29 በመቶ እንኳ በደንብ አይደርስም። የፊቱን ድርሻ ከ62 ወደ 68 በመቶ ብታሳድጉ ግን 31 በመቶ ትወጣላችሁ። ለዚህ የሚበቃው 280 ግራም የምትመዝን ባትሪን 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ማምጣት ነው። ይህ ማለት ዝቅ ማድረግ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ ኩርባ ላይ ትፈልጉታላችሁ። ዳገት ላይ ግን ባትሪው ይቀድማል።

ሞተሩንስ ከጎማው ዘንግ ፊት ለፊት እናውጣው? ዳገት ላይ ይጠቅማል። ነገር ግን አፍንጫዋ ይረዝምና ጉድጓድ ውስጥ በአፍንጫዋ ትገባለች፣ ከዘለለችም በአፍንጫዋ ታርፋለች። እኔ ሞተሩ ከዘንጉ ኋላ ተጠግቶ፣ ባትሪው ደግሞ ከሞተሩ ጎን በቁመት ተኝቶ ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። የኋላ ጎማ ባጊዎችን የፊት ክንድ በቅርብ ካያችሁት፣ ክንዱ የሚታጠፍበት ዘንግ አግድም አይደለም። የፊቱ ጫፍ ከፍ፣ የኋላው ዝቅ ብሎ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያጋደለ ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሸሻል፣ ምቱ ይበርዳል። ልጆቹ ይህን ያዩና እንዳለ ይገለብጡታል። ግን በዚያች መኪና ላይ የፊት ጎማው ዝም ብሎ የሚንከባለል ነው። በኛዋ ላይ ግን መሬቱ ጎማውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጎማው በዚህ ዘንግ ላይ ወደ ፊት የሚሄደው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ነዳጅ (ማለትም ለሞተሩ ጉልበት) በተሰጠ ቁጥር ግፊቱ ራሱ ጎማውን ወደ ታች፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ይገፋል። በ25 ዲግሪ ቢሆን ከጠቅላላው ግፊት ግማሽ የሚጠጋው አፍንጫ ወደ ማንሳት ይሄዳል፣ በኛ መኪና ልክ ወደ 260 ግራም። ያ ሞላውን 4 ሚሊ ያህል ያስረዝመዋል። ወደ ኋላ የሚሸሸው ክብደት ብቻውን የሚያስረዝመው ደግሞ 1.5 ሚሊ ገደማ ነው። ፍሬን ስትይዝ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግፊቱ ጎማውን ወደ ኋላና ወደ ላይ ስለሚገፋው አፍንጫዋ ትደፋለች። መኪናዋ ስትነሳ ሽቅብ፣ ስትቆም ቁልቁል የምትሰግደው በዚህ ነው፣ ሰውም ጥፋቱን የሞላው መላላት ላይ ያደርጋል።

መፍትሔው ያንን ዘንግ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ብቻ ማጋደል ነው። መሪው ራሱን ወደ መሐል እንዲመልስ የምትፈልጉትን ቀሪ ዲግሪ ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ ላይ ስጡት። በጠቅላላው 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃል።

ከፊትና ኋላው ጨርሰናል። ሞላ እውነተኛ ሥልጣን ያለው በግራና ቀኝ ነው። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ኩርባ ላይ ክብደት ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች ይሄዳል። ጠቅላላ መጠኑን ሞላው አይቀይረውም፣ እዚህም ሕጉ ያው ነው። ግን ያ መጠን ለፊትና ለኋላ ጥንድ ጎማ ሲከፋፈል አከፋፈሉን የሚወስነው ሞላው ነው። መጋደልን የበለጠ የሚቃወመው ወገን የበለጠውን ድርሻ ይወስዳል። ጠንካራ መሬት ላይ የኛ መኪና ኩርባ ስትይዝ፣ የጎን ግፊቱ የክብደቷ 0.8 እጥፍ ቢሆን፣ የሚሸሸው 367 ግራም ነው። ፊቱ ጠንካራ ሆኖ ከዚህ 60 በመቶውን ከወሰደ፣ ቀድሞ 620 ግራም የተሸከመው የውስጥ የፊት ጎማ ወደ 400 ግራም ይወርዳል። ኋላው ጠንካራ ሆኖ ፊቱ 30 በመቶ ብቻ ከወሰደ ግን ያ ጎማ 510 ግራም ይዞ ይቀራል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። ደካማው ጎማ መንሸራተት ከጀመረ ጠንካራውም ከዚያ በላይ አያገኝም። ስለዚህ የመኪናዋ ጉልበት ከኩርባ ስትወጣ የሚለካው በውስጠኛው የፊት ጎማ ነው። ከ400 ወደ 510 ማለት ከሩብ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ማለት ነው። ጎማ አልተቀየረም፣ ሞተር አልተቀየረም። የተነካው የኋላው ሞላ ብቻ ነው። በዚያ ላይ መሪው ራሱ ይታዘዛል፣ ምክንያቱም የፊት ጎማዎቹ ሸክሙን በተቀራረበ መጠን ሲካፈሉ መሬት የመያዝ ድምር አቅማቸው ይጨምራል። በአስፋልት ውድድር ላይ ትንንሽ የፊት ጎማ መኪኖች ኩርባ ሲይዙ የውስጠኛው የኋላ ጎማቸው ከመሬት ተነስቶ የምታዩት ሆን ተብሎ በዚህ መንገድ ስለተሠሩ ነው። በኛ ስሌት የውስጥ የኋላ ጎማ 120 ግራም ገደማ ይዞ ይቀራል፤ ገና አልተነሳም።

ኋላውን እንዴት ነው የምናጠነክረው? ሞላውን ብቻ በማጠንከር ከሄዳችሁ ኋላዋ ቀላል ስለሆነች እያንዳንዷ ጠጠር ላይ እንደ ኳስ ትነጥራለች። የሚሻለው ስታብላይዘር ነው። ከግራ ክንድ ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄድ፣ ጫፎቹ የታጠፉ አንድ የሞላ ሽቦ ማለት ነው። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ዝም ይላል። አንዱ ብቻ ሲነሳ ይጠመዘዛል። የ2 ሚሊ ሽቦ፣ መሐሉ 120 ሚሊ፣ የታጠፈው ጫፉ 40 ሚሊ፣ ክንዱ ላይ ከመታጠፊያው ጀምሮ ስድስት አሥረኛ ርቀት ላይ ከታሰረ፣ ከምንፈልገው 30 ለ70 ክፍፍል አጠገብ ያደርሳችኋል። ውፍረቱን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ከ2 ወደ 2.5 ሚሊ መሄድ ጥንካሬውን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል።

ዋጋ አለው፣ አልደብቅም። ኋላዋ ጠንካራ የሆነች መኪና ኩርባ መሐል ድንገት ነዳጅ ብትለቁባት ጭራዋ ይወጣል። በተለይ ቁልቁለት ላይ። ለዚህ መድኃኒቱ የኋላ ጎማዎችን አፍንጫ ወደ ውስጥ 2 ዲግሪ ያህል ማዞርና የሞተር መቆጣጠሪያው ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ በራሱ የሚይዘውን ፍሬን መቀነስ ነው። በሌላ በኩል ቀጥ ባለ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ባጊን የሚያክል የለም። የሞተሩ ፍሬን ያለው ፊት ላይ ነው፣ ክብደቱም ፍሬን ስትይዝ የሚመጣው ወደ ፊት። በኋላ ጎማ የምትነዳዋ መኪና እዚያው ቁልቁለት ላይ ተሽከርክራ ፊቷን ስታዞር እሷ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

ሞላ ጥምዘዛ ደግሞ ራሱን የቻለ ደስታ ነው። የፊት ጎማ ሙሉ ጉዞ 45 ሚሊ ይሁን። መኪናዋ በክብደቷ ቆማ ሳለ ከዚህ 15 ሚሊውን ተቀምጣ፣ 30 ሚሊ ወደ ላይ እንዲቀራት እንፈልጋለን። ይህ 15 ሚሊ ለጉድጓድ ነው። መሬቱ ሲጎድል ጎማው ተከትሎ እንዲወርድ፣ አየር ላይ እንዳይቀር። ጎማውንና ክንዱን ሳይጨምር አንዱ የፊት ማዕዘን 510 ግራም ይሸከማል። ለ15 ሲካፈል በያንዳንዱ ሚሊ 34 ግራም ይመጣል። ግን ሾኩ (ሞላው የሚጠለቅበት በዘይት የሚሠራ ማርገቢያ) የሚታሰረው ጎማው ላይ ሳይሆን ክንዱ መሐል ነው። ጎማው 10 ሚሊ ሲነሳ ሾኩ 6.5 ሚሊ የሚታጠፍ ከሆነ፣ 34ን ለ0.65 ሁለት ጊዜ አካፍሉ። ሁለት ጊዜ ነው፣ አንድ ጊዜ አይደለም፤ ጉዞውም ጉልበቱም ስለሚቀንስ። 80 ግራም በሚሊ ይመጣል።

ይህን የሚሰጥ ሞላ፦ ሽቦው 1.2 ሚሊ፣ የጥምዝምዙ ስፋት ከሽቦ መሐል እስከ ሽቦ መሐል 16 ሚሊ፣ የሚሠራው ዙር 6 ከሩብ ገደማ፣ ከላይና ከታች አንድ አንድ የሞተ ዙር ተጨምሮ። ርዝመቱ ሳይጫን ከ40 ሚሊ አይነስ። የሽቦ ውፍረት እዚህም ጨካኝ ነው፤ 1.2ን በ1 ሚሊ ብትተኩ ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። ስፋቱም ቀላል አይደለም፣ እጥፍ ቢሆን ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የዙር ቁጥር ግን ገር ነው፤ ጥቂት ማስተካከያ ስትፈልጉ ዙር ጨምሩ ወይ ቀንሱ። ሽቦው የሞላ ሽቦ መሆን አለበት፤ የአጥር ሽቦ ተጠምዝዞ ይቀራል እንጂ አይመለስም። በ12 ሚሊ ለስላሳ ዘንግ ላይ ጠምዝዙት፣ ሲለቀቅ ራሱ ይሰፋል። ስትለቁት ጫፉ ዓይን ላይ እንዳይወናጨፍ መነጽር አድርጉ፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከዚያ ምድጃ ውስጥ 250 ዲግሪ ገደማ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ቅርጹን ይይዛል። ለመፈተን የኩሽና ሚዛን ይበቃል፦ ሚዛኑ ላይ አቁማችሁ 10 ሚሊ ስትጫኑት 800 ግራም ካነበበ አበቃ።

የሚገርመው ይኸው ሞላ ለኋላም ይሆናል። ኋላው ቀላል ስለሆነ በዚያው ሞላ 9 ሚሊ ብቻ ይቀመጣል። ፊቱ በሰከንድ 4 ጊዜ፣ ኋላው 5 ጊዜ ይወዛወዛል። ኋላው ትንሽ ፈጠን ማለቱ ጥሩ ነው፤ ጉድጓድ አልፋ ስትወጣ ቀድሞ የተመታው ፊትና ዘግይቶ የተመታው ኋላ ቶሎ ይገናኛሉ፣ መኪናዋ እንደ ጀልባ አትናወጥም። አንድ ዓይነት ሞላ 4 ጊዜ መጠምዘዝ ይቀላል፣ የተቀረውን ሥራ ስታብላይዘሩ ይሠራዋል።

ሾክ ላይ የኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ አየሩ ከሹራብ ወደ ቲሸርት ይቀየራል። ሾኩ ውስጥ የጨመራችሁት ተራ የሞተር ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት ከሆነ፣ ከ10 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ከግማሽ በላይ ይቀጥናል። ደሴ ጠዋት ልክ የነበረችው መኪና ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ትዘላለች። ሠሪው ሞላው ተበላሸ ይላል፤ የተለወጠው ዘይቱ ነው። የሲሊኮን ዘይት ለሙቀት የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ከተገኘ እሱን ግዙ፣ ገንዘባችሁን ከምንም በፊት እዚህ ላይ አውጡ። ካልተገኘ ሁለት ዘይት ያዙ፣ ለደሴ ቀጠን ያለ፣ ለኮምቦልቻ ወፈር ያለ። የፍሬን ዘይት ግን አትሞክሩ፤ ተራውን ኦሪንግ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት) ያሳብጠዋል፣ ሾኩ ይጣበቃል። መለኪያው ቀላል ነው። አፍንጫዋን ተጭናችሁ ልቀቁ። ተነስታ ትንሽ አልፋ ተመልሳ ከቆመች ልክ ነው። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘች ዘይቱ ቀጥኗል፣ እየጎተተች ከተነሳች ወፍሯል። ኋላው የሚሸከመው ስለሚያንስ ዘይቱ ከፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቅጠን።

የፊት ጎማ ጉዞ 45 ሚሊ ብዬ የቆምኩት በመስቀለኛው መጋጠሚያ (ክሮስ፣ ዘንጉ ታጥፎም እንዲዞር በሚያደርገው) ምክንያት ነው፣ ለመልክ ብዬ አይደለም። የፊት ጎማ የሚዞርም የሚነዳም ነው። ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ 70 ሚሊ ከሆነ፣ ጎማው 30 ሚሊ ሲነሳ ዘንጉ 25 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። መሪው በዚያው ቅጽበት 25 ዲግሪ ከዞረ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ማዕዘን 35 ዲግሪ ይደርሳል። በእጅ የምንሠራው ክሮስ ደግሞ ጎማውን በእኩል ፍጥነት አያዞርም። በ30 ዲግሪ ማዕዘን አንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ 13 በመቶ ይዘገያል፣ ሁለት ጊዜ 15 በመቶ ይፈጥናል። ሙሉ መሪ ይዛ ስትፈናጠር የምትንቀጠቀጠው በዚህ ነው። ትልቁ መኪና ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት በኳሶቹ ይህን ችግር ያጠፋዋል፣ በዚህ መጠን ግን ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ ነው። ስለዚህ መሪውን በ25 ዲግሪ ገድቡት፣ የማርሽ ሳጥኑን አጥብባችሁ ዘንጉንና ክንዱን አስረዝሙ። ኳስ ጫፍ ያለው ተራ ዘንግ የምትጠቀሙ ከሆነ ጎማው ሲወርድ ተፈልቅቆ እንዳይወጣ የሾኩን ርዝመት ቀድማችሁ ገድቡ።

መሪው ላይ አንድ ነገር አይታለፍ። ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ መስመሩ ወደ መሬት ቢቀጥል የጎማው መሐል አጠገብ ማረፍ አለበት። በእጅ የተሠሩት ላይ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አንድ ጎማ ድንጋይ መትቶ 3 ኪሎ ቢገፋ፣ በ3 ሳንቲ ሜትር ክንድ 9 ኪሎ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያ ደግሞ ተማሪዎች የሚያዘወትሩት ኤምጂ996አር ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ያለው አቅም በሙሉ ማለት ይቻላል። ርቀቱን ወደ 8 ሚሊ ብታወርዱት ያው ምት 2.4 ብቻ ይሆናል። ለዚህ ውስጡ ጎድጎድ ያለ ጎማ መርጣችሁ መጋጠሚያውን እዚያ ውስጥ አስገቡት። ደግሞም የሚነዳ ጎማ ወደ ፊት ስለሚጎትት፣ ቦኮላዎቹ (የመጋጠሚያዎቹ ቀለበቶች) ትንሽ ልቅ ከሆኑ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ። ቆማ ሳለች 1 ዲግሪ ወደ ውጭ ክፈቷቸው፣ ስትነዳ ቀጥ ይላሉ።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ከመንዳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጎማ የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ሌሎቹን ሦስቱን በእኩል ከፍታ ሰሌዳ ደግፉ። የግራና የቀኝ ፊት ከ20 ግራም በላይ ከተለያየ መኪናዋ በአንድ ወገን ብቻ ጥሩ ትታጠፋለች። የከበደውን ጎማ ሞላ መቀመጫ በማላላት አስተካክሉ፤ በሰያፍ ትይዩ ያለው ጎማ ሸክምም አብሮ እንደሚቀንስ አትርሱ። ከዚያ መጀመሪያ ያለ ስታብላይዘር ንዷት፣ ባሕርይዋን እወቁ፣ ቀጥሎ እሰሩት። ደሴ ኮብልስቶን ላይ የምትነዱ ከሆነ ግን አንዱን ጫፍ ፍቱት። ድንጋዩ አንዱን ጎማ ብቻ እየመታ ሲሄድ ስታብላይዘሩ ምቱን ወደ ሌላኛው ጎማ ያሻግረዋልና ኋላዋ መሬት አይረግጥም። ቦርከና ዳር ያለ አሸዋ ወይም የደረቀ የኳስ ሜዳ ላይ ስትወርዱ መልሳችሁ እሰሩት፤ በአንዲት ብሎንና ዳዶ የሚፈታና የሚታሰር አድርጋችሁ ከሠራችሁት ሥራው ካቻቢቴና ፒንሳ ብቻ ነው።